በታንኳው ላይ የሰቀልኩት ቅርፊት

ገንዘባችን ከፓውንድ ወደ ናይራ በተለወጠበት ዓመት በመንደራችን ጓጉንቸር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ። ሌላው ሰው ንብረቱን የሚጠብቀው እንደየዓይነቱ ነው። ጨው ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። የዘር ቦዬ፣ ከመሬት የምንቆፍረው ሥራ ሥር፣ በእርሻው ዳር ከቆመ አጥር ላይ አንድ በአንድ ይታሰራል። የሚስት የክት ልብስ በሣጥን፣ ሣጥኑ ከአልጋ ሥር፣ አልጋው ላይ ደግሞ አማት። ደጅ የሚያድር ነገር ግን ጠባቂው አሌ ነው።

አሌ ባለቤቱ በንብረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ኮተት ነው። ያለቀ መጥረጊያ ከሆነ፣ የወሰደው ሰው ከቤቱ ተጠርጎ ይውጣ ማለት ነው። የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከሆነ፣ እንዲህ ባዶውን ይቅር ማለት ነው። ጥርሱ የረገፈ ሚዶ ያየ ሰው ስለ ልጆቹ ያስባል። ማንም እንዲያስረዳህ አያስፈልግም። የማገዶ ክምር መንገድ ዳር ሦስት ወር ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ አንድ ያረጀ ጫማ ታስሮበት። ባለቤቱ ሲመለስ አንድ ጭራሮ አይጎድልበትም። እኔም በዕድሜዬ የሰው አሌ ነክቼ አላውቅም።

ታንኳ ነበረኝ፤ እኔው የፈለፈልኩት። ከተማው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ በየአምስተኛው ቀን ገበያ ቦዬዬን የማሻግረው በሱ ነው። ድልድዩ ወደ ታች ሩቅ ነው፤ ሸክም ይዞ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጃል። በመንደሩ ሌላ አንድ ታንኳ ብቻ ነበረ፤ የዓሣ አጥማጁ የሳንኒ።

በዚያ ዓመት ዝናብ ሲገባ ታንኳዬን ጠዋት ጠዋት ወለሏ ረጥቦ አገኛት ጀመር። አንድ ጊዜ ዝም አልኩ። ሁለተኛም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ጎኗ ተሰንጥቆ ነበር። ገመዱን አየሁት። ቋጠሮው የግራ እጅ ቋጠሮ ነው። በሰፈራችን በግራ እጁ የሚቋጥር ላዲጶ ብቻ ነው። ላዲጶ ወጣት ነው፤ ባለወጥመድ። ወጥመዱን ማዶ እንደሚዘረጋ አውቃለሁ። አባቱ በሕይወት ሳለ ወዳጄ ነበር። ጠርቼ ልነግረው እችል ነበር። አንድ ሰው ለልጁ እንደሚናገር፣ «ታንኳዋን ስትወስድ ንገረኝ፣ ስንጥቁንም ድፈን» ብል በደረቱ መሬት ተኝቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር።

አልጠራሁትም። እኔ ሁለት ጊዜ የምናገር ሰው አይደለሁም እያልኩ እኮራ ነበር። ለሱ አንድ ጊዜም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቁርሴን እንቁላል በላሁ። ቅርፊቱን በክር አስሬ ታንኳው አፍንጫ ላይ ሰቀልኩት። ለታንኳ የሚሰቀለው ሌላ ነው፤ የተቀደደ መረብ ወይም የተሰበረ መቅዘፊያ ይበቃል። እንቁላሉን ለምን እንደመረጥኩ አውቃለሁ። የላዲጶ ሚስት ሞሬኒኬ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ባቄላ ፈጭታ በዘይት እየጠበሰች የምትሸጠው ጎረቤቴ ኢያ ሞሱን ከወንዙ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆመች።

«ባባ ጆላዴ፣ ታንኳህ እንቁላል ጣለችልህ እንዴ?»

«ጥላለች።»

«ታዲያ መቼ ነው የምትፈለፍለው?»

«እጁን ያስገባ ሰው ያየዋል።»

ሳቋን አቆመች። እንስራዋን ከጭንቅላቷ ሳታወርድ ዐየችኝ።

«ሌላ ኮተት ጠፍቶ ነው? ነፍሰ ጡር ውሃ በምትቀዳበት ቦታ እንቁላል?»

«ታንኳዬ ላይ ነው የሰቀልኩት። ሰው ቤት አልሰቀልኩም።»

«ይሁንልህ። እኔ ባቄላ ጠባሽ፣ ምን አውቃለሁ።» ሄደች።

አሌ ሲሰቀል ቃል ይነገርበታል። እኔ ቃል አልተናገርኩም። ቅርፊት ነው የሰቀልኩት። አፌ ዝም ብሎ ነበር። ልቤ ዝም ብሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ታንኳዋን ማንም አልነካትም። ደስ አለኝ።

ከወር በኋላ ለቀብር ወደ ሌላ መንደር ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት። የሆነውን የነገረችኝ ወንዙ ዳር የነበረችው ኢያ ሞሱን ናት። ሞሬኒኬን ረፋዱ ላይ ምጥ ያዛት፤ ቀኗ ሳይደርስ። አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰችና «ልጁ ተጋድሟል፣ እኔ አልችለውም፣ ክሊኒክ አድርሷት» አለች። ሳንኒ ታንኳውን ይዞ ወደ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቷል። ወንዙ ዳር ያለችው የኔ ብቻ ናት። በሷ ከተሻገሩ ክሊኒኩ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ላዲጶ ገመዱን ፈታ። ታንኳዋን ወደ ዳር ሳበ። ሁለት ሴቶች ሞሬኒኬን በብብቷ ደግፈው አመጧት። ከዚያ ቅርፊቱን አየች።

«እዚያ ውስጥ አልገባም» አለች።

«ግቢ፣ በእናትሽ!»

«ልጄን ይዤ እዚያ ውስጥ አልገባም።»

«ባባ ጆላዴን እኔ እለምነዋለሁ፣ ግቢ!»

«ሞተን ነው የምትለምነው?»

እናቱ ኢያ ላዲጶም ከኋላ መጥታ «ልክ ናት፤ ገመዱን ልቀቅ፣ አንተ እብድ!» አለችው። ባለ አሌው መጥቶ እንዲያነሳላቸው ሰው ወደ ቤቴ ሮጠ። እኔ የለሁም። ያን ጊዜ ሞሬኒኬን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አራት ወንዶች ተሸክመው፣ ወደ ድልድዩ ጉዞ ጀመሩ። ድልድዩ ሳይደርሱ መንገድ ዳር ወለደች። ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

አመሻሹ ላይ ስመለስ ይህን ሰምቼ ቀጥታ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ቅርፊቱን በጥሼ በመዳፌ ጨመቅሁትና ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ሳወርደው ሁለት ሴቶች አዩኝ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ያወራው ምን መሰላችሁ? ሥራውን ስለጨረሰ ባለቤቱ አወረደው ተባለ።

ማንም አልከሰሰኝም። ከዚህ የባሰው ነገር፣ አከበሩኝ። ድሮ በሩቅ የሚሰግዱልኝ ቀርበው ይሰግዱልኝ ጀመር። አንዲት ነጋዴ የኮላ ዛፏን የሚጠብቅላት አሌ እንድሰቅልላት ጠየቀችኝ። አንዱ ደግሞ ፍየሎቹን አለ። «እኔ አዋቂ አይደለሁም» አልኳቸው። «አዋቂ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አሉና ሳቁ።

በሰባተኛው ቀን ላዲጶ መጣ። አንዲት ዶሮና በጠርሙስ የዘንባባ ዘይት ይዟል። ደጄ ላይ በደረቱ ተኛ፤ ተነሣ እያልኩትም አልነሣ አለ።

«ባባ፣ ነክቼዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ገመዱን። ፈትቼዋለሁ። እሷ አልነካችም። እናቴም አልነካችም። እኔ ነኝ የነካሁት፤ እኔን ትቶ ልጁን ወሰደው።»

ፊቱን ከመሬት ሳያነሣ ቀጠለ።

«ከዚያ በፊትም ታንኳዎን ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ። ሦስት ጊዜ። ጎኗን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ባባ፣ ያንሱልኝ። እንቅልፍ የለኝም። እሷን መንካት ፈርቻለሁ።»

ያን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ማድረግ እችል ነበር። ባዶ ቅርፊት ነው ካልኩት፣ የፈራነው የዶሮ ቅርፊት ነው፣ ብንሻገር ልጄ ይተርፍ ነበር እያለ ይኖራል። ዝም ካልኩ፣ ልጄን በእጄ ገደልኩት እያለ ይኖራል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ለሱ ብዬ ነው ብል ደግ ነበር። ለራሴም ነበር። እውነቱን ከሰማ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። መሬት ላይ እያለ ፊቴን አያይም።

በቅል ውሃ አመጣሁ። እጁን ዘርጋ አልኩት። የግራ እጁን ዘረጋ። ውሃውን አፈሰስኩበትና እዚያው የመጣልኝን ቃል ተናገርኩ፤ የመጣው ይመለስ፣ የታሰረው ይፈታ፣ እንዲህ ያለ ነገር። እያለቀሰ አመሰገነኝ። ዘይቱን አልቀበልም ስለው ስለ ከፋው ተቀበልኩት።

ዶሮዋንም አረድኳት። በላኋት። ጣፋጭ ነበረች።

ላዲጶ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ወሰደው። እርሻዬን ሳልጠይቀው ያርምልኝ ነበር። የታንኳዬን ስንጥቅ ራሱ ደፈነው። በሩቅ ሳየው መንገድ እለውጥ ነበር። እሱ ግን አቋርጦ ይደርስብኝና «ባባ፣ ልያዝልዎ» ይላል። ሸክሜን ይወስድብኛል። ከኋላው ባዶ እጄን እሄዳለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እንደገና ዝናብ ሲገባ፣ ሁለቱም አብረው መጡ። ሞሬኒኬ ሆዷ ገፍቷል። በርጩማ ሰጠኋት። ላዲጶ እንደ ልማዱ ሰገደና ቁጭ አለ።

«ባባ፣ በራችን ላይ አንድ ነገር ይስቀሉልን» አለ።

«ምን ዓይነት?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ብቻ ሞት አይቶት የሚመለስ ይሁን።»

ወደ ሞሬኒኬ ዞርኩ። «ክሊኒክ ሄደሻል?»

«ሄጃለሁ።»

«ነርሷ ምን አለችሽ?»

«ያለፈው ተጋድሞ ስለ ነበር ይሄኛውም ሊጋደም ይችላል አለች። ቀኔ ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ቀድሜ መጥቼ እዚያው እንድተኛ።»

«ታዲያ?»

ላዲጶ ቀደማት። «እናቴ አያስፈልግም አለች። የባባ ጆላዴ አሌ በር ላይ ካለ ምን ደፍሮ ይገባል? አለች። እውነቷን ነው። ሲጥል ያንን ያህል ከሠራ፣ ሲጠብቅስ እንዴት ይሠራ ይሆን!» ብሎ ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም። ሆዷን ይዛ የምለውን ትጠብቃለች።

አንድ ኮተት መስቀል ለኔ ቀላል ነበር። ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። ልጁ ቀጥ ብሎ ከመጣ ስሜ ይነሣል። ከተጋደመ ደግሞ አንድ ሰው የሆነ ነገር ነክቷል ይባላል። አሌ መቼም አይሳሳትም፤ የሚሳሳት ሰው ነው። ይህን አሰብኩ። አስቤም ሆዷን አየሁት።

«ላዲጶ፣ አሌ ማድረግ አልችልም» አልኩ።

«ኧረ ባባ፣ እኛን ደግሞ!»

«ስማኝ። ያ ቅርፊት ቃል አልተነገረበትም። ቁርሴን በልቼ የሰቀልኩት ነው። አሌ አልነበረም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ነገር።

«አነሱልኝ እኮ» አለ። «እጄን አጠቡኝ።»

«ውሃ ነበር።»

«የተናገሩትስ?»

«ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው።»

«ታዲያ ልጄን ምን ገደለው?»

«መንገዱ። ድልድዩ ሩቅ ነው። በታንኳው ብትሻገሩ ትደርሱ ነበር።»

ተነሣ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። አልመታኝም። ግድግዳው ድረስ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሞሬኒኬ ከበርጩማው አልተነሣችም። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«ባባ፣ ከኮተት ሁሉ እንቁላል ለምን መረጡ?»

ከላዲጶ ጥያቄ ሁሉ ይሄ ከበደኝ።

«ባልሽ እንዲፈራ ነው» አልኩ።

«እኔ እርጉዝ እንደ ነበርኩ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ስለዚህ ነው የመረጡት።»

«ስለዚህ ነው። የፈለግሁት ግን እሱን ነው እንጂ አንቺን…»

«ሆዱ የኔ ነበር፣ ባባ።»

መልሴን አልጠበቀችም። በርጩማውን ተደግፋ ተነሣች።

«ክሊኒክ ሂጂ» አልኳት። «ነገውኑ ሂጂ። ታንኳዬን ውሰዱ።»

«እሄዳለሁ» አለች። «እርስዎ ስላሉኝ ግን አይደለም።»

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። በሳንኒ ታንኳ ነው የተሻገሩት። ኢያ ላዲጶ ወንዙ ዳር ቆማ ወደ ቤቴ አቅጣጫ ትራገም ነበር። የተናገረችውን ሁሉ ሰማሁ። ካደረግሁት ላይ አንድም አልጨመረችበትም።

ወሬው በሦስት ቀን መንደሩን ሞላው። የባባ ጆላዴ አሌ ባዶ ነበር። ከዚያ ሰው አንድ እርምጃ ሄደ፤ የእገሌስ? የእገሊትስ? በመጀመሪያው ሳምንት የነጋዴዋ ኮላ ከዛፉ ተለቀመ። ቀጥሎ የኢያ ሞሱን ማገዶ ተወሰደ፤ ጫማዋን መሬት ላይ ጥለውት ሄዱ። ጫማውን ይዛ መጣችና ደጄ ላይ ወረወረችው።

«ይኸው! አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆልኛል። ባሌ እንኳ ይህን ያህል አልጠበቀኝም። አንተ በአንድ ቀን ጫማ አደረግኸው!»

«ማገዶ እሰጥሻለሁ።»

«ማገዶ ማን ጠየቀህ? ከእንግዲህ ማታ ማታ ምን ሰቅዬ ልተኛ? አንተን?»

የመንደሩ ሹም አስጠራኝ። ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ከጎኑ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

«የራስህን ቤት በር መክፈት መብትህ ነው» አለኝ። «የሁላችንን ለምን ከፈትክ?»

«ልጅቷ ክሊኒክ እንድትሄድ።»

«ሂጂ ማለት አይበቃም ነበር?»

«አይበቃም ነበር። አሌዬን አምነው ነበር።»

«ታዲያ የሌላው ሰው አሌ ባዶ ነው ብለሃል?»

«እኔ የተናገርኩት ስለራሴ ነው።»

«ጆሮ እንዲህ ለይቶ አይሰማም» አለ ሹሙ። «እሺ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። እውነት ባዶ ነበር?»

«ምንም ቃል አልተናገርኩም። አፌ አልተከፈተም።»

«አፍህን አልጠየቅሁህም።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያዩኛል። ስለዚያ ጠዋት አሰብኩ፤ ክሩን ስቋጥር፣ የላዲጶን ቋጠሮ በዓይነ ልቦናዬ እያየሁ፣ ደስ እያለኝ። ሹሙ ጥያቄውን አልደገመም።

ቅጣቴን ተናገረ። ገንዘብ አይደለም። ቦዬ እስኪተከል ድረስ ሰው ሁሉ የዘር ቦዬውን በአንድ ቦታ ያስር፤ እኔም ቀን ቀን እዚያው ተቀምጬ ልጠብቅ። «አሌ ስላጠፋህ አሌ ሁን» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ትክክለኛ ፍርድ ነበር።

ሰው ከከተማ ጓጉንቸር ያመጣ ጀመር። መጀመሪያ ነጋዴዋ፣ ቀጥሎ ሳንኒ ለታንኳው በሰንሰለት። በየደጁ ቁልፍ ሲዞር ይሰማል። እኔ በአጥሩ ጥላ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ የሰው ቦዬ እየቆጠርኩ እውላለሁ። የሚያልፍ ሰው ሰላምታ ይሰጠኛል። ቀርቦ የሚሰግድ የለም። ይህ አልከፋኝም። የከፋኝ፣ ከወንዙ በኩል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መነሣቴ ነው። ሞሬኒኬ ከሄደች አሥራ አምስት ቀን ሆኗት ነበር። ቢሞቱስ? እውነቱን ተናግሬ ቢሞቱስ? በየትኛው ቃሌ ይሆን የሞቱት?

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ላዲጶ ከወንዙ ሲወጣ አየሁት። በእኛ አገር ልጅ የተወለደለት ሰው በየቤቱ እየዞረ ይነግራል፤ በየቤቱም ሽማግሌው ይመርቀዋል። እየሮጠ ነበር። የሹሙ ደጅ ገባ፤ ሴቶች እልል ሲሉ ሰማሁ። የኢያ ሞሱን ደጅ ገባ። ነጋዴዋ ጋ ገባ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

እኔ ጋ ሲደርስ ሩጫውን ተወ። አጥሩ ማዶ ቆመ። አልሰገደም።

«ወለደች» አለ። «ሴት ናት። ተጋድማ ነበር፤ ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ አወጣት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«እግዚአብሔር…» ብዬ ጀመርኩ።

ምርቃቴን አልጠበቀም። ወደሚቀጥለው ቤት ዞረ፤ ትንሽ ሄዶም እንደገና መሮጥ ጀመረ። እኔ ከበርጩማዬ ላይ ተነሣሁ። የጀመርኩትን ምርቃት ጀርባውን እያየሁ ጨረስኩት፤ የሕፃኗን ስም ስለማላውቅ «ያቺ ልጅ» እያልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ቃል በቃል። ከዚያ ቁጭ አልኩና ቦዬዎቹን ከመጀመሪያው ቆጠርኩ።